ያልተመዘገበ ዜማ፦ የበይነ መረብ ሙዚቃ መደብሮች ከጥርባ ሲታዩ

የበይነ መረብ ሙዚቃ መደብሮች ለአድማጭ የገቡት ትልቁ ቃል የምርጫ ስፋት ነው። የአፕል ኩባንያ የአይቱንስ መደብር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 ሲከፈት 200,000 ያህል ዘፈኖችን፣ እያንዳንዱን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ ነበር። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የሙዚቃ ክምችቱ 100 ሚሊዮን ዘፈን መድረሱን አስታውቋል። በሁለቱ ዓመታት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ክሪስ አንደርሰን ዋየርድ በተባለው መጽሔት ላይ «ረጅሙ ጅራት» በሚል ስያሜ የታወቀውን ሐሳብ አቅርቧል። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሱቅ መደርደሪያ ውስን ስለሆነ ባለሱቁ ብዙ ገዥ ያለውን ብቻ ይደረድራል፤ በበይነ መረብ ላይ ግን መደርደሪያው ወሰን ስለሌለው ጥቂት ፈላጊ ያለው ሥራም ቦታ ያገኛል፤ እነዚህ ሥራዎች ሲደመሩም ራሳቸውን የቻሉ ትልቅ ገበያ ይሆናሉ።

ይህ ጽሑፍ ያንን ተስፋ ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከጥርባ ሆኖ ይመለከታል። የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ መደርደሪያው እንዲህ ከሰፋ፣ የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ ሰው የሚፈልገውን ዘፈን ለምን ያጣል? ለዚህ የሚሰጠው መልስም የዘፈኑ መጥፋት ምክንያት ከመደርደሪያው ይልቅ በመግቢያው በር ላይ ይገኛል የሚል ነው። መደብሩ የሚያስገባው ስም፣ ባለቤትና መለያ ቁጥር ያለውን ሥራ ነው፤ የአዊ ዜማ አብዛኛው ክፍል ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁሉንም ይዞ አልተወለደም።

ፍለጋው

የአንድ የጥርባ ተወላጅ መምህር ገጠመኝ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። መምህሩ ትዳር የያዘውና ልጆች ያፈራው አዲስ አበባ ነው። ልጆቹ አዊኛ የሚሰሙት አያታቸው ስልክ ስትደውል ብቻ ነው። ቋንቋውን በመጽሐፍ ከማስተማር በዘፈን ማስለመድ ይቀላል ብሎ በማሰብ በእጅ ስልኩ ላይ ባሉት የሙዚቃ መደብሮች መፈለግ ጀመረ። «አዊኛ» ብሎ ጻፈ፤ «አገውኛ» ብሎም ሞከረ፤ በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት አድርጎ ጻፈው። ያገኘው በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ጥቂት ነጠላ ዜማዎችንና በስም አጋጣሚ ብቻ የቀረቡ የሌላ አገር ሥራዎችን ነበር። በልጅነቱ በሰርግ ቤት፣ በባትሪ ድንጋይ ከሚሠራ ቴፕ የሰማቸው ዘፈኖች አንዳቸውም አልነበሩም። አጠገቡ የተቀመጠችው ትልቋ ልጁ የስልኩን ገጽ ስታይ ቆይታ፣ «አባዬ፣ በአያቴ ቋንቋ ዘፈን የለም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችው።

መደብሩ የሰጠው መልስ «አልተገኘም» የሚል ነበር፤ ልጅቷ የተረዳችው «የለም» የሚለውን ነው። የጉዳዩ ክብደት በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የአዊ ዞን ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ የሚሆነው አዊኛን አፍ መፍቻው ያደረገ ነው። ቋንቋው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። ሰርጉ፣ ደቦው፣ የፈረስ ጉግሱና ለቅሶው ያለ ዜማ አይከወኑም። ለአንዲት የከተማ ልጅ ግን የመረጃ ምንጯ ስልክ ነውና፣ በስልኩ ያልተገኘው ነገር ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

መምህሩ በክረምት ዕረፍት ወደ ጥርባ ባቀና ጊዜ የፈለገውን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። በገበያ ቀን፣ የሞባይል ጥገናና ዘፈን መጫን አጣምሮ ከሚሠራ አንድ ወጣት ሱቅ ገባ። የወጣቱ ኮምፒውተር «የሰርግ»፣ «የፈረስ»፣ «የድሮ» በሚሉ ክፍሎች የተሞላ ነበር። በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሰማቸውን ዜማዎች ለይቶ አወቀ። ነገር ግን ፋይሎቹ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ከመባል በቀር ስም የላቸውም። «ይኼ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወጣቱ በአክብሮት «እኔም አላወቅኋት መምህር፤ ዳንግላ ካለ ልጅ ነው የቀዳሁት፤ እሱም ከካሴት ነው የገለበጠው» አለው። ዘፋኟ በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ አልተገኘም፤ ከተጫነው ዘፈን ለእሷ ወይም ለልጆቿ የደረሰ ሳንቲምም የለም።

በዚህ ንጽጽር ውስጥ የችግሩ ቅርጽ በግልጽ ይታያል። መደብሩ ስሞች አሉት፤ ዘፈኖቹ ግን የሉትም። ጫኚው ዘፈኖቹ አሉት፤ ስሞቹ ግን የሉትም። አድማጩ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ሲገደድ፣ ዘፋኟ ከሁለቱም ታጣለች።

ጥበቱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ገበያ የመግቢያ በር ጥበት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው ይህንን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ ነው። እስከ 1975 ድረስም 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ረዣዥም ሸክላዎችን አሳትሟል። በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቀው የካይፋ ሪከርድስ ባለቤትም በዚያው መንገድ ተከተለ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ስለነበረ ሥራው ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ የሚመረጠው በአዲስ አበባ ክለቦችና በሬዲዮ ቀድሞ የታወቀ ዘፋኝ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ሸክላ እየቀረ ካሴት ቦታውን ያዘ። ካሴት ርካሽ ነበር፤ በየከተማው ሊገለበጥ ይችል ነበር። እንደ አምባሰልና ኤሌክትራ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ስማቸው በመላ አገሪቱ የታወቀው በዚህ ዘመን ነው። የክፍለ ሀገር ድምፆች፣ የአዊን ጨምሮ፣ ከአካባቢያቸው ውጭ የመሰማት ዕድል ያገኙት በአመዛኙ በካሴት ነው። ካሴቱ ሲቀር ግን አንዳንዱ ሙዚቃ ቤት ተዘጋ፤ አንዳንዱ ሥራውን ለወጠ፤ በእጅ የተጻፉ ውሎች ጠፉ፤ ዋናው ቅጂ በየመጋዘኑ ቀረ። ዛሬ እነዚያን ሥራዎች ወደ መደብር ለማስገባት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በተቃራኒው፣ ከሸክላው ዘመን የተረፈው ሙዚቃ ወደ ዲጂታል ዓለም የተሻገረው በአውሮፓ በኩል ነው። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጂየም እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ሰፊ የዓለም አድማጭ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲጠቀም አድማጩ ይበልጥ በዛ። ይህ ሁሉ ታላቅ ውለታ ነው፤ ያለ እሱ ብዙው ሸክላ እየተጫረ ባለቀ ነበር። ሆኖም በዓለም አቀፍ መደብሮች «የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ» ተብሎ የሚገኘው ነገር በአብዛኛው የዚያን ምርጫ ቅርጽ ይዟል፦ የአዲስ አበባ ድምፅ፣ የነሐስ መሣሪያ፣ የሸክላ ዘመን። ከጥርባ የሚፈልግ ሰው ከሌላ ሰው የምርጫ ዝርዝር ውስጥ የራሱን ትዝታ እንደሚፈልግ ይቆጠራል።

ቅጹ የማይቀበለው ዜማ

አንድ ዘፈን መደብር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅጽ ይሞላለታል፦ ርእስ፣ ዘፋኝ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ቋንቋ፣ የቅጂው ዓመት። ለእያንዳንዱ ቅጂም 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ዓለም አቀፍ መለያ ይሰጠዋል። ቅጹ ቀላል ይመስላል፤ ኢትዮጵያዊ ሥራ ሲሞላበት ግን እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ጥያቄ ያስነሣል።

ከርእስ እንጀምር። «ትዝታ» የቅኝት ስም ነው፤ በዚያው ቅኝት የሚዘፈን ዘፈን ስምም ነው። ስለዚህ በብዙ ዘፋኞች፣ አንዳንዴም በአንድ ዘፋኝ በተለያዩ ዓመታት የተሠሩ ሥራዎች በዚህ አንድ ቃል ይመዘገባሉ። ርእስን እንደ መለያ የሚጠቀም ዝርዝር አንዱን «ትዝታ» ከሌላው አይለይም። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም።

የስም ጉዳይም አለ። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም፤ የውጭ ዝርዝሮች ግን ጥላሁን ገሠሠን «ገሠሠ» በሚለው ሥር ሊያስቀምጡት ይችላሉ። ያው ስም በግእዝ ፊደል በ«ሠ» ወይም በ«ሰ» ሲጻፍ፣ በላቲን ፊደል ደግሞ እንደ ጻፊው ሲለዋወጥ፣ የአንድ ሰው ሥራ በሦስትና በአራት ሰዎች ስም ተበትኖ ይቀራል። ፈላጊው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ሲጽፍ የቀረው ለእሱ እንደሌለ ነው።

ለአዊ ዜማ ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋ ሳጥን ነው። በዓለም አቀፉ የቋንቋ መለያ ሥርዓት ባለ ሁለት ፊደል መለያ ያላቸው ቋንቋዎች ከ200 አይበልጡም፤ አማርኛ ከእነሱ አንዱ ነው። አዊኛ ያለው ባለ ሦስት ፊደል መለያ ብቻ ነው፤ ይህም ከ7,000 በላይ ቋንቋዎችን በሚያካትተው ሰፊ ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ነው። መዝጋቢው ባለ ሁለት ፊደሉን ዝርዝር ብቻ ከተጠቀመ፣ የአዊኛ ዘፈን «አማርኛ» ወይም «ሌላ» ተብሎ ከመመዝገብ በቀር ምርጫ የለውም። በዚያ ላይ «አገውኛ» የሚለው መጠሪያ የዋግ ኽምራውን ኽምጣኛም ሊያመለክት ይችላል። አዊኛ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ በአማርኛ የማይሠራበትን የ«ጘ» ሆሄ ከነዘሮቹ ይጠቀማል፤ የመጻፊያ ሰሌዳው ይህ ሆሄ ከሌለው ፈላጊው በ«ን» ወይም በ«ግ» ሊተካው ይገደዳል። እንዲህ ሆኖ የተመዘገበ ዘፈን፣ መደብሩ ውስጥ እያለ እንኳ፣ በቋንቋው ስም የሚፈልገው ሰው አያገኘውም።

በመጨረሻም ደራሲ የሚለው ሳጥን አለ። የሰርግና የፈረስ ዜማ ከአንድ ደራሲ እጅ አልወጣም፤ ግጥሙም በየሰርጉ እንደ ሙሽራውና እንደ ዘመዱ ይለዋወጣል። ሳጥኑን ባዶ መተው ካልተቻለ መጀመሪያ የቀዳው ሰው የራሱን ስም ይጽፍበታል። የሰባት ቤት አገው ዜማ በዚህ መንገድ በአንድ የቀረጻ ስቱዲዮ ባለቤት ስም ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ ቅጹ የሕዝብን ዜማ ወይ ያስቀረዋል፣ ወይ ባለቤቱን ይለውጠዋል።

የአገር ውስጥ መደብርና የገንዘቡ ጥያቄ

ይህንን ክፍተት ለመሙላት በአገር ውስጥ የተደረገው ጥረት ሊዘነጋ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስን ጨምሮ የሙዚቃ ባለሙያዎች ያቋቋሙት አውታር አገልግሎት ጀመረ። ሐሳቡ አድማጭ በእጅ ስልኩ፣ በብር ከፍሎ ሙዚቃ እንዲገዛና ክፍያው ለባለሙያው እንዲደርስ ነበር። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ፤ ያነሣው የባለሙያ ድርሻ ጥያቄ ግን አብሮት አልሞተም። ከዚያ በኋላ ሰዋስው ተከተለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህም ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የሌለው ሰው ከሞባይሉ መክፈል ችሏል። የመክፈያው እንቅፋት በዚህ መጠን ተቃሏል።

የምርጫው ጥበት ግን በገንዘብ መንገድ ብቻ አይፈታም። የአገር ውስጥ መደብርም ሥራውን የሚጀምረው ውል ከሚፈርም ዘፋኝ ነው፤ ውል የሚፈርመውም በሕይወት ያለ፣ አዲስ አልበም የያዘና አድማጭ ያለው ባለሙያ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም ሚዛኑ ወደ ብዙኃን ያዘነብላል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የክፍያ ድርሻ ማስላት አቁሟል። ለትልቅ ቋንቋ ዘፈን ይህ ቁጥር ኢምንት ነው፤ ለአንድ የአዊኛ የደቦ ዜማ ግን ከፍ ያለ ደፍ ነው። አንደርሰን እንዳለው ጅራቱ ረዝሟል፤ ከጅራቱ ጫፍ ያለው ሠራተኛ ግን ከገበያው ድርሻ አይደርሰውም።

ከመደብር በፊት መዝገብ

ከላይ የተነሣው ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራል፦ የአዊ ዜማ ከመደብር በፊት መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገብ ማለት የሚሸጥበት ገበያ ማለት አይደለም። ማን ዘፈነው፣ የት ተቀዳ፣ መቼ፣ በምን አጋጣሚ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ማን ቀዳው፣ ቅጂው የት ይገኛል የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ዝርዝር ማለት ነው። ደራሲ ለሌለው ዜማ «የሕዝብ» የሚል ሳጥን ሊኖረው ይገባል፤ ቋንቋውም በባለ ሦስት ፊደል መለያው ሊመዘገብ ይገባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ካለ ማንኛውም መደብር በኋላ ቅጹን ሊሞላበት ይችላል፤ ከሌለ ግን ቅን ሐሳብ ያለው መደብር እንኳ የሚያስገባውን አያገኝም።

ሕጉ ለዚህ መንገድ አይዘጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ለደራሲው ደግሞ ጥበቃው ዕድሜ ልኩንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በደቦ ላይ የሕዝብ ዜማ ያዜመች አንዲት ሴት ደራሲ ባትባልም ከዋኝ ናትና መብት አላት። ስሟ ካልተመዘገበ ግን መብቷን የሚጠይቅላት አይኖርም። ጫኚው ወጣት «አላወቅኋት» ሲል የተናገረው ይህንኑ ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሰሙት ማስጠንቀቂያ፣ የማጫወቻ መሣሪያና መለዋወጫ እየጠፋ በመሆኑ ከ2025 ገደማ በኋላ በመግነጢሳዊ ክር ላይ ያለውን ድምፅ መገልበጥ እጅግ አዳጋች እንደሚሆን አመልክተዋል። ያ ቀን ደርሷል። በጥርባና በአካባቢው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ያለ ካሴት፣ ከጭስና ከርጥበት ቢተርፍ እንኳ፣ የሚያጫውተው ቴፕ የማያገኝበት ጊዜ ቀርቧል።

በዚህ ሥራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በቋንቋ፣ በፎክሎርና በሙዚቃ ጥናት መስክ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚቀዳው ድምፅ ጽሑፉ ከተገመገመ በኋላ በተማሪው ፍላሽ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ የተጻፈለት ድምፅ ግን አይገባም። የትምህርት ክፍሎች ከጽሑፉ ጋር ቅጂውን፣ የዘፋኞቹን ስምና ፈቃዳቸውን አብረው ቢቀበሉ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከማንኛውም መደብር የሰፋ የአካባቢ ክምችት ይፈጠራል። ወመዘክርና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የቆየ ልምድ ያላቸው ቤቶች ናቸው። ዘፈን ጫኚዎችም እንደ ሕገ ወጥ ነጋዴ ብቻ ከሚታዩ እንደ መረጃ ምንጭ ቢቀረቡ፣ የየትኛው ፋይል ምንጭ ወደየትኛው ካሴት እንደሚያመራ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን መታከል አለበት። የተቀዳው ሁሉ ለገበያ አይቀርብም። በለቅሶ ላይ የወረደ ሙሾ የሟቹ ቤተሰብ ሐዘን ነው፤ ለመዝገብ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ለሽያጭ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ሰዎች አንዳንዱን ዜማ «ይህ ከእኛ ጋር ይቅር» ሊሉ ይችላሉ፤ መዝገቡም ይህንን ውሳኔያቸውን የሚያከብርበት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የመምህሩ ልጆች ከእንግዲህ የሚያድጉት ስልክ በሚመልስላቸው ዓለም ነው። የመደብሮቹ ክምችት ከ100 ሚሊዮን ወደ 200 ሚሊዮን ቢያድግም፣ ያልተመዘገበ ዜማ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። አስቸኳዩ ተግባር በእጅ ያለውን ካሴት መገልበጥ፣ በሕይወት ያሉትን ዘፋኞች ስማቸውን መጠየቅና የተጠየቀውን መጻፍ ነው። ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ የሚሠራ ቴፕ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ደብተርና አዊኛ የሚናገር ተማሪ ይበቁታል።